አራተኛው ስም

«እትዬ ደብሪቱማ ቤት ይጠብቃሉ» አለ ሙላት በግድግዳው ማዶ። «የተፈቀደው ለአራት ሰው ነው። እኔ፣ አንቺ፣ ማሬና አመተ ማርያም። በቃ፣ ሞላ።»

ደብሪቱ ጓዳ ተቀምጣ የዳቦ ቆሎ ሊጥ እያድቦለቦለች ትቆርጥ ነበር። እጇ ባለበት ቀረ። የጓዳውና የእልፍኙ ግድግዳ ጭቃው ስለለቀቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልተናገረ ሰው ሁሉ ይሰማል። ሙላት የእኅቷ ባል ነው፤ ከእሱ ብዙም አልጠበቀችም። የጠበቀችው የእኅቷን የአለሚቱን መልስ ነበር። «ኧረ እሷስ?» ትላለች ብላ ጆሮዋን አቀናች። አለሚቱ ግን ምንም አላለችም። አንድ ዕቃ አንስታ ሌላ ቦታ ስታስቀምጥ ብቻ ተሰማ። እናታቸው ስትሞት አለሚቱ ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች፤ በጀርባዋ አዝላ፣ ከጎረቤት ወተት ለምና ያሳደገቻት ደብሪቱ ናት። ደብሪቱ ሳትወልድ ባሏ ሞቶባት ወደ እኅቷ ቤት ስትገባም «ይኸ ቤት ከኔ ይልቅ ያንቺ ነው» ያለቻት ይህችው አለሚቱ ነበረች። አምስት ዓመቱ ነው። ደብሪቱ ሊጡን እንደገና መቁረጥ ጀመረች፤ እኩል ግን አልመጣላት አለ፤ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ ባቄላ አከለ።

ወሩ ጥር ነው፣ 1931 ዓ.ም.። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሙላት አናጢ ነው፤ ለአንድ የጣሊያን ሻምበል አልጋና ቁም ሣጥን ሠርቶ እጁ ስለተወደደለት ሻምበሉ የስምንት ቀን ዕረፍት ሰጠው፤ ደጀን ድረስ በሚሄደው የጭነት መኪና ላይም ለቤተሰቡ ቦታ ፈቀደለት። ከደጀን በኪራይ በቅሎ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳሉ። የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ማሬ ገላዋን ሽፍታ ወርሶታል፤ እገደሉ ግርጌ አለ በሚባለው ፍል ውሃ ትታጠባለች፤ እነሱም አየር ይለውጣሉ፣ አባይንም ያያሉ። እንዲህ ያለ ነገር በሰፈሩ ተሰምቶ አያውቅም። ሰው ለንግድ፣ ለስደት፣ ለዘመቻ አባይን ይሻገራል እንጂ ገደሉን ለማየት ብሎ ስንቅ አይቋጥርም። ለዚያውም ያለ ይለፍ ወረቀት ራቅ ወዳለ አገር መሄድ በማይቻልበት፣ ከከተማው ወዲያ ያለው አገር ሁሉ አርበኛ በሆነበት ዘመን። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቤቱ ሌላ ወሬ አልነበረም። የቆላው ሙቀት ልጅቷን ይጎዳት ይሆን፣ የደጀን ሰዎች ለበቅሎ ስንት ይጠይቁ ይሆን፣ ጃንጥላ ከማን ይዋሱ። ደብሪቱም በወሬው ገብታ ስትመክር ከርማ ነበር። ነጠላዋን አጥባለች፤ የተተረተረ ጫፉን ሰፍታለች። ትሄጃለሽ ያላት ሰው አልነበረም፤ አትሄጂም ያላትም አልነበረም።

አንድ ቀን ከውትርን ወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ «እንዴት ያለ ጥሩ ውሃ ነው» ብትል፣ ሙላት «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ብሎ አስቆባት ነበር። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አመተ ማርያምም ሳቀች። ደብሪቱ የዚያችን የሳቅ ጥርስ አልረሳችውም።

አመተ ማርያም የሙላት ታናሽ እኅት ናት። በኅዳር ወር አንዲት ትንሽ ጓዝ ይዛ ከይጁቤ መጣች፤ ባሏ ታረቀኝ ንግድ ሄዶ እስኪመለስ ነው ተባለ። ያን ዕለት የእልፍኙ መደብ ለእሷ ተነጠፈ፤ የደብሪቱ አጎዛ ወደ ጓዳ ገባ። ለገና በተሠራው ዶሮ መላላጫው ለአመተ ማርያም ወጣ፤ ለደብሪቱ አንገቱ ደረሳት። ይህንን ሁሉ «እንግዳ ናት» ብላ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ሹክሹክታውን ነው። አለሚቱና አመተ ማርያም ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ፤ ደብሪቱ ብቅ ስትል ያቋርጣሉ፤ ከዚያ አለሚቱ «እትዬ፣ ጨው አለ?» ትላታለች፣ ጨው እንዳለ እያወቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአለሚቱ ሌላ የኔ የምትለው ሰው አልነበራትም፤ አሁን እሷንም በሁለት ወር ውስጥ አንዲት የሰው አገር ሴት ወሰደችባት።

ትንሽ ቆይቶ አለሚቱ ወደ ጓዳ ገባች። የእኅቷን ዓይን ሳታይ፣ «እትዬ፣ ሙላት የሻምበሉን ቁም ሣጥን በር ዛሬ ገጥሞ ሊጨርስ ነው። እኔም ስንቁ ይዞኛል። የይለፍ ወረቀቱን አንቺ ሄደሽ አስጽፊልን። ስማችንን ብትነግሪያቸው ይበቃል፤ ፈቃዱ እዚያው ደርሷል» አለቻት።

«የማን የማንን ስም?» አለች ደብሪቱ። እያወቀች ነው የጠየቀችው፤ በአፏ ስትናገረው ለመስማት።

አለሚቱ አራቱን ስም ጠራች። አራተኛው ላይ ድምጿ ዝቅ አለ። «አንቺ እንኳ ቤቱን...» ብላ ጀምራ ተወችው። ደብሪቱ ሊጡን ከእጇ አራግፋ፣ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ ወጣች።

አጥሩ ሥር ጎረቤታቸው ሥራነሽ ጤፍ ልታሰጣ ቁርበት ትዘረጋ ነበር። ሥራነሽ ባልቴት ናት፤ አንድ ልጅ ነበራት። የሁለቱ ነገር ደግ አልነበረም። ዓምና በዶሮ ምክንያት ሲጣሉ ደብሪቱ መንገድ ላይ ቆማ «ልጅሽ ጫካ ገብቶ ከሽፍታ ጋር እንደሚውል ማን ያላወቀ መሰለሽ» ብላ ጮኻ ነበር። በማግሥቱ የሥራነሽ ቤት ተፈተሸ፤ እሷም አንድ ሳምንት ታስራ ወጣች። በሽማግሌ ታርቀዋል፤ ሰላምታው ግን ልክ አለው።

«አባይ ልትወርዱ ነው አሉ» አለች ሥራነሽ ቀና ሳትል። «አንቺም ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ እንጂ» አለች ደብሪቱ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ከጣሊያን ምሽግ በር አጠገብ ባለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ሰው ከጥላው ወዲያ በፀሐይ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንዱ አማቱ ሞተውበት ወደ ደብረ ወርቅ ሊሄድ ነው፤ አንዷ በሬ ልትሸጥ ነው። ደብሪቱ ለምን እንደመጣች ሲጠይቋት «አየር ለመለወጥ» አለች፤ ሰዎቹ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጸሐፊው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው፤ በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ የተማሩ፣ አሁን በሊሬ ደመወዝ የሰው ስም የሚጽፉ። ዓይናቸው ከወረቀቱ አይነሳም።

«ባለቤቱ?»

«ሙላት፣ አናጢው።»

«ሚስት?»

«አለሚቱ።»

«ልጅ?»

«ማሬ።»

«አራተኛ?»

ደብሪቱ «አመተ» ልትል ከንፈሯን ገጥማ ነበር። ከኋላዋ ያለው ሰው ሳለ። መሪጌታ ብዕሩን ከቀለሙ ነክረው ጠበቁ። አጥሩ ሥር ለሥራነሽ የመለሰችው መልስ ትዝ አላት፤ አለሚቱ ያላለችው «ኧረ እሷስ?» ትዝ አላት።

«ደብሪቱ» አለች።

«ምኑ ናት?»

«የሚስቱ እኅት።»

ጻፉ። ማኅተሙን ከመቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺው ነሽ? ዕድለኛ ነሽ። እኔ በአባይ ስም ስንት ቅኔ ቆጥሬያለሁ፤ በዓይኔ ግን አላየሁትም» አሏት። ደብሪቱ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ ስትወጣ ሰውነቷ ሁሉ ቀለላት። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ከአራቱ መሥመር የመጨረሻው የእሷ መሆኑን ታውቃለች። «ጸሐፊው ተሳሳቱ» እላለሁ ብላ አሰበች። መኪናው ነገ ጎሕ ሲቀድ ይነሳል፤ ወረቀት የሚለወጥበት ጊዜ የለም። አመተ ማርያም ቤት ትጠብቅ። ጓዳው ውስጥ አጎዛው ላይ ትተኛ። መንገዷን ወደ አረቡ ሱቅ አዞረችና ብጫ ሻሽ በአራት ሊሬ ገዛች፤ ሁለት ሊሬ ከግማሽ ነው ብላ ሳትከራከር። የበረሃ ፀሐይ ራስ ያማል ሲሉ ሰምታለች።

ቤት ስትደርስ አለሚቱና አመተ ማርያም ስንቅ ይቋጥራሉ። «አገኘሽ?» አለች አለሚቱ። «አገኘሁ። ለሙላት ሲመጣ እሰጠዋለሁ» ብላ አለፈች። ከበሩ ሥር ቁጭ ብላ ስታይ ስንቁ በዝቶ ታያት። ሁለት አቁማዳ በሶ፣ አንድ ስልቻ ድርቆሽ፣ የተደለዘ በርበሬ፣ ከታች ደግሞ የታጠፈ የወንድ ጋቢ። ለስምንት ቀን ይኸ ሁሉ ምን ይሆናል? ብላ ብትጠይቅ፣ አመተ ማርያም «መንገድ አይታወቅም፣ እትዬ» አለቻት። ደብሪቱ በሆድዋ ሆዳም አለቻት። ያችኛዋ አንዱን አቁማዳ ስታስር ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታባት፤ ደብሪቱ ይህንንም የደስታ መስሏት ዓይኗን ወደ ውጭ አዞረች።

ሙላት ከልማዱ ውጭ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። ፍቅፋቂው ከፀጉሩ አልረገፈም። ማሬን ሥራነሽ ጓሮ ሄዳ እንድትጫወት አስወጣትና በሩን ዘጋ።

«ወረቀቱ የታለ?» አለ። «የአመተ ማርያም ስም ተጽፎ ከሆነ አልቆልናል።»

ሴቶቹ ባሉበት ቆሙ። ሙላት ግድግዳውን ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። የቁም ሣጥኑን በር ሲገጥም ሻምበሉና አስተርጓሚው ከይጁቤ የመጣ ዝርዝር ያዩ ነበር። ባሎቻቸው የሸፈቱ ሴቶች ይያዙ የሚል ነው፤ አስተርጓሚው ስማቸውን አንድ በአንድ ሲያነብ «የታረቀኝ ሚስት፣ አመተ ማርያም» ሲል ሰምቷል። ነገ ከተማው በር ላይ መኪናው ሲፈተሽ ስም ይጠራል።

ደብሪቱ «ታረቀኝ ነጋዴ አይደል እንዴ?» አለች።

የመለሰችላት አመተ ማርያም ራሷ ናት። ታረቀኝ ነጋዴ አልነበረም። ከአርበኞች ጋር አባይ በረሃ ውስጥ ነው። በኅዳር ጭኑን በጥይት ተመትቶ ከዋሻ ተኝቷል፤ «ሳልሞት ነይ» ብሎ ልኮባታል። ሰዎቹ ከፍል ውሃው ዘንድ መጥተው ይቀበሏታል፤ አትመለስም። ሲመለሱ አንዲት ሰው ለመጉደሏ ሙላት «ወባ ገደላት፣ እዚያው ቀበርናት» ሊል ነበር። ዕረፍቱም፣ ፍል ውሃውም፣ አየር መለወጡም ለዚሁ ነው። «ለሻምበሉ ስለ ሽፍታ ነው የምሄደው አልኩት» አለ ሙላት መሬት መሬት እያየ። «እሱ የማሬን ገላ አየ። እኔ ግን አልዋሸሁትም።»

ደብሪቱ ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ ሰጠችው። ሙላት ፊደል የቆጠረ ነው እንጂ አንባቢ አይደለም፤ ጣቱን ከመሥመር መሥመር እያስኬደ አነበበ። ከመጨረሻው መሥመር ሲደርስ ቆመ። እንደገና አነበበው። «ደብሪቱ ይላል» አለ።

አለሚቱ ከደብሪቱ ጉልበት ላይ ተደፋች። «እትዬ፣ እግዜር ነው ያናገረሽ» እያለች ጉልበቷን ትስም ጀመር። ሙላትም «ማን ነገረዎት? እንዴት አወቁ?» አላት፤ እንደዚያ ባለ ዓይን አይቷት አያውቅም። ደብሪቱ ዝም ብላ ብትቀር ይበቃት ነበር። ልቤ ነገረኝ ብትል ዕድሜ ልኳን በዚያ ቤት ትከበር ነበር። አፏ ላይ መጣላት። ነገር ግን የአለሚቱ እንባ ቀሚሷን ሲያርሰው ምስጋናውን መቀበል አቃታት።

«ተነሽ» አለቻት። «ማንም አልነገረኝም። ለራሴ ነው ያስጻፍኩት። እሷ ሄዳ እኔ ስቀር ቀንቼ ነው።»

አለሚቱ ቀስ ብላ ተነሳች። «ለምን ለኔ አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትናደጂ አፍሽ አይያዝም። የሥራነሽን ልጅ ነገር አየን። ፈራንሽ።»

ማሬ ከሥራነሽ ጓሮ ለብቻዋ ስትዘፍን ይሰማል። ሙላት ወረቀቱን አጥፎ መደቡ ላይ አስቀመጠውና እጁን ከላዩ አነሳ። ማንም አልለመናትም። ወረቀቱ የእሷ ነው፤ ነገ መኪና ላይ ብትወጣ የሚከለክላት የለም። አመተ ማርያም ከተቋጠረው ስንቅ አጠገብ ቆማ «እትዬ ደብሪቱ ይሂዱ። የተጻፈው ስማቸው ነው። እኔ በእግሬ እሞክራለሁ» አለች፤ ድምጿም አልተለወጠም። ደብሪቱ አየቻት። ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም። ከዋሻ ውስጥ፣ ከሞት አፋፍ ላይ ሆኖ «ነይ» የሚላት ሰው አላት። ለደብሪቱ በሕይወቷ «ነይ» ብሎ የላከባት ሰው አልነበረም። ከጥዋቱ ቅናት ይኸኛው ባሰ፤ የጥዋቱ በመኪና ቦታ ነበር። ይኸኛውን በምን ይወጡታል? ወረቀቱን ከመደቡ አንስታ ለአመተ ማርያም ሰጠቻት።

«ስሜን ይዘሽ ሂጂ» አለቻት። «በር ላይ ደብሪቱ ሲሉ አለሁ በይ። ጸሐፊው በር ላይ አይቆሙም፤ ወታደሮቹ ፊቴን የት ያውቁታል።»

የቀረውን ሙላት አሰበው። ደብሪቱ ከነሱ ጋር እንደሄደች ሰፈሩ ያምን ዘንድ ስምንት ቀን ከቤት አትወጣም። በስምንተኛው፣ ቅዳሜ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከገበያተኛ ጋር ተቀላቅላ በደጀን መንገድ ላይ ወዳለችው አምበር ትሄዳለች፤ መኪናው ከደጀን ሲመለስ እዚያ ይቆማል፤ ሦስት ሆነው ይመጣሉ፣ አራት ሆነው ከተማ ይገባሉ። ከወረቀቱ የጎደለ ሰው አይኖርም፤ ስለ አመተ ማርያም ለሚጠይቅም ወደ ይጁቤ ተመለሰች ይባላል። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወጡ። አመተ ማርያም በሩ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ሳመቻት፤ ደብሪቱ «ደህና ሁኚ» አላለቻትም፤ አልወጣላትም። የፊቱ በር ከውጭ ተቆለፈ። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ድምፅ ከከተማው በር ዘንድ ቆመ፤ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ አጓርቶ ሄደ፤ እሷም ተቀመጠች።

ስምንቱን ቀን በሶ በጥብጣ ኖረች፤ ጭስ እንዳይታይ እሳት አላነደደችም። ከአጥሩ ማዶ ሥራነሽ ለአላፊ አግዳሚው «ደብሪቱም አብራ ሄዳለች፣ ታደለች» ስትል ሰማች። ቅዳሜ ሻሿን አስራ፣ በነጠላዋ ተሸፋፍና በጓሮው በር ወጣች፤ ከገበያተኛው መካከል ገብታ እግሯ እስኪያብጥ ሄደች። አምበር ስትደርስ ገበያው ሞቆ ነበር። ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። መኪናው ሲመጣ ከላይ ሦስት ናቸው። አለሚቱ ፀሐይ ፊቷን ልጦታል። እጇን ይዛ አወጣቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ደረሰች?» አለች ደብሪቱ።

«ደረሰች። በሕይወት አገኘችው።»

ብዙ መንገድ ሄዱ። ደብሪቱ ልትተወው ብላ አልቻለችም። «አባይስ እንዴት ነው?»

«አላየሁትም» አለች አለሚቱ። «ስንወርድ ዓይኔ ከጀርባዋ አልተነሳም። ስንወጣ እንባ ጋርዶኝ ነበር።»

ማሬ ናት የመለሰችላት። «እኔ አይቻለሁ። ታች ነው፣ በጣም ታች። ድንጋይ ወረወርኩ፤ ሲወድቅ አልተሰማም።»

ከተማው በር ላይ ወታደሩ ስም ጠራ፤ «ደብሪቱ» ሲል «አለሁ» አለች። ገብተው ጓዛቸውን ሳያራግፉ ሥራነሽ መጣች፤ በቅል እርጎ ይዛለች፣ እንኳን ደህና ገባችሁ ለማለት። ከዕርቁ ወዲህ እደጃቸው ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠችና ደብሪቱን ብቻ እያየች ጠየቀቻት። ገደሉ እንዴት ነው? ሲወርዱ ያዞራል? ዛፍ አለው ወይስ ድንጋይ ብቻ ነው? ውሃ ይገኛል? ሌሊት ብርድ አለ? ደብሪቱ አጭር አጭር መለሰችላት፤ ሥራነሽ ግን መልሱን እንደተጠማ ሰው ትጠብቅ ነበር።

«ታድለሽ» አለቻት በመጨረሻ። «ለገደሉስ አይደለም። ልጄ እዚያ ነው ይሉኛል። ያለበትን አገር በዓይኔ ባየው ብዬ ነው። አንቺን ሲወስዱሽ፣ አልዋሽሽም፣ ስምንት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ደብሪቱ አፏን ከፈተች። ከኋላዋ አለሚቱ አቁማዳ ስታራግፍ እጇ ቆመ። እኔም አልሄድኩም፣ እዚሁ ከአጥርሽ ማዶ ተቆልፎብኝ ነበር ልትላት ፈለገች፤ ቢያንስ ይህችን ሴት ከዚያ ቅናት ልታሳርፋት። የአራት ሰው አንገት ግን በዚያ ቃል ላይ ነበር፤ ከዋሻው ያሉት ሲቆጠሩ ከዚያም ይበልጣል።

«ጥልቅ ነው» አለች። «ድንጋይ ቢወረውሩበት አይሰማም።»

ሥራነሽ ራሷን ነቀነቀች። ባዶውን ቅል ይዛ፣ ቀና ሳትል ወጣች። ደብሪቱ አጥሩን እስክታልፍ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት፤ በምን ዓይነት ሆድ ወደ ቤቷ እንደምትገባ ታውቀዋለች፤ ነገር ግን አልጠራቻትም።